እዳ እያለ ብድር ሲያስፈልግ፦ ዱቤ፣ እቁብ፣ ማህበር፣ ስልክ ወይስ ባንክ?

ደመወዝ የገባበት ቀን ነበር። ሰንጋ ተራ ካለው መሥሪያ ቤቴ ወጥቼ ሜክሲኮ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜያለሁ። ስልኬ ሁለቴ ጮኸ። የመጀመሪያው መልእክት ደመወዝ መግባቱን ይናገራል። ሁለተኛው ደቂቃ ሳይሞላ የመጣ ነው፤ በስልክ የወሰድኩት ብድር ከነአገልግሎት ክፍያው ተቆርጧል ይላል። የቀረው ብር ለቤት ኪራይ እንኳን አይበቃም። ሰልፉ ሳይንቀሳቀስ ያንኑ ብድር መልሼ ጠየቅኩ። ወዲያው ገባልኝ። እንዲህ እያልኩ ሰባት ወር ሄድኩ።

በዚያ ሰሞን እዳዬ አምስት ቦታ ነበር። ሰፈር ሱቅ፣ ስልክ ላይ፣ የመሥሪያ ቤታችን ቁጠባና ብድር ማህበር፣ እህቴ ጋ፣ እና ቀድሞ የደረሰኝ እቁብ። አሁን የቀሩኝ ሁለት ናቸው። እዚህ ለመድረስ ሁሉንም በየተራ አውጥቼ አውርጃለሁ፣ ሕጉንም ጠያይቄያለሁ። እንደ እኔ ለተጨነቀ ሰው ይጠቅም እንደሆነ ብዬ ነው የምጽፈው።

ብድር ስንፈልግ ሁላችንም የምንጠይቀው ያው ነው። ስንት ይሰጡኛል? ቶሎ ይደርስልኛል? እዳ ላለበት ሰው ግን ከዚህ የሚቀድሙ አራት ጥያቄዎች አሉ። ሲመለስ በጠቅላላ ስንት ብር ይሆናል? የሚወስደው ማን ነው፣ ከየትኛው ኪስ፣ በስንተኛው ቀን? ብዘገይ የሚጎዳው እኔ ብቻ ነኝ ወይስ ዋሴም? ሲቸግረኝ ሄጄ የማናግረው ሰው አለ? እኔ አምስቱንም የወሰድኩት እነዚህን ሳልጠይቅ ነው። ከዚህ በታች አማራጮቹን የማወዳድረው በእነሱ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ያለባችሁን አንድ ወረቀት ላይ ጻፉ። ለማን፣ ስንት ቀረ፣ በወር ስንት፣ መቼ፣ ዋሱ ማን ነው። እኔ የጻፍኩት የልጄ ሒሳብ ደብተር መሃል ገጽ ላይ ነው። ድምሩ በጭንቅላቴ ይዤው ከነበረው በጣም በለጠ። ለካ ሱቁንና እህቴን ከእዳ ቆጥሬያቸው አላውቅም።

የሰፈር ዱቤ

አራት ኪሎ፣ ከቤታችን ጀርባ ያለው ሱቅ የዱቤ ደብተር ጠርዙ ተጠቅልሎ ዘይት ጠጥቷል። በየገጹ አናት ላይ የሰው ስም የለም። «ነርሷ»፣ «ሁለተኛ ፎቅ»፣ «የመንትዮቹ እናት» ይላል። የእኔ ገጽ ላይ ዘይት፣ ሳሙና፣ ሩዝ፣ እንቁላል 6፣ ደግሞ ሩዝ፣ የሞባይል ካርድ ተጽፏል። ሲከፈል በቀይ እስክሪብቶ ከላይ እስከ ታች ይሰረዛል። የእኔ ገጽ ለረጅም ጊዜ ሙሉ በሙሉ ተሰርዞ አያውቅም ነበር።

ዱቤ ወለድ የለውም። ዋስም አይጠይቅም። የምታናግሩትም ሰው አለ። «ጋሼ፣ የዚህን ወር ግማሹን ልስጥዎት» ስላቸው «ግማሹንም ቢሆን በቀኑ አምጪ ልጄ» ይሉኛል፤ በዚሁ ያልፋል። በአራቱ ጥያቄዎች ሲታይ ዱቤ ጥሩ ብድር ነው።

ዋጋውን የሚያስከፍለው በሌላ በኩል ነው። በዱቤ የሚገዛ ሰው አይከራከርም፣ ሌላ ሱቅም አይሄድም። ሸማቾች ማህበር ዘይት ሲገባ ወይም እሁድ ገበያ ላይ ሽንኩርት ሲረክስ የሚገዛው ጥሬ ብር የያዘ ነው። ደብተር ያለን ሰዎች እዚያው ሱቃችን ነን። አንድ ወር ሙሉ በደብተሩ የወሰድኩትን ከእሁድ ገበያ ዋጋ ጋር ጎን ለጎን ጻፍኩት። ሽንኩርት፣ ድንችና ዘይት ላይ ብቻ ያገኘሁት ልዩነት የልጄን የሳምንት ታክሲ ይሸፍናል።

የምመክረው፦ ዱቤውን አትዝጉ፣ ገደብ አብጁለት። እኔና ባለሱቁ አንድ ቁጥር ተስማምተን ገጼ አናት ላይ ጻፍነው። ከዚያ በላይ አይሰጡኝም። የሞባይል ካርድና ለስላሳም ከዱቤ ወጡ።

አሁን ደግሞ በባንክ በኩል የሚሄድ ዱቤ መጥቷል። የዳሽን ባንክ «ዱቤ አለ» አንዱ ነው። ዕቃውን ዛሬ ወስዳችሁ በየወሩ ትከፍላላችሁ። ፍሪጅ ወይም አልጋ ለሚያስፈልገው ሰው ጥሩ ነው። አንድ ነገር ብቻ ጠይቁ፦ ይሄው ዕቃ፣ በዚሁ ሱቅ፣ በጥሬ ብር ስንት ነው? በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የብድሩ ዋጋ ነው።

እቁብ

አሥር ሰው በወር 2,000 ብር ይጥላል እንበል። ለመጀመሪያው ሰው 20,000 ብር ይደርሰዋል። ይህ ወለድ የሌለው ብድር ነው፤ የቀረውን በዘጠኝ ወራት ይከፍላል። አሥረኛው ሰው ግን ያው 20,000 ብር ሲደርሰው ያጠራቀመውን ነው የተቀበለው። አንድ እቁብ፣ ሁለት የተለያየ ነገር። ዕቃ በሚወደድበት ጊዜ ደግሞ የመጨረሻው ሰው ብር የሚገዛው ያንሳል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ይህን የእቁባችን ሰዎች ሁሉ ያወራሉ። ቀድሞ መውሰድ የሚፈልገው በዛ።

እዳ ላለበት ሰው እንግዲህ የመጀመሪያዎቹ እጣዎች ናቸው የሚጠቅሙት። ካልደረሳችሁ ከደረሰው ሰው መግዛት ይቻላል። ሁለተኛው ወር ላይ ለደረሰው ሰው 1,500 ብር ሰጥታችሁ ተራውን ወሰዳችሁ እንበል። 20,000 ብር አገኛችሁ፣ የቀረባችሁን በስምንት ወራት ትጥላላችሁ። ያቺ 1,500 ብር የብድሩ ሙሉ ዋጋ ናት። ከስልክ ብድርም ከአራጣም ጋር አይወዳደርም፤ እጅግ ይረክሳል።

ታዲያ የእቁብ ክብደቱ ምን ላይ ነው? ዋሱ ላይ። ቀድሞ የሚወስድ ሰው ዋስ ያመጣል። አንድ ወር ካልጣላችሁ ዳኛው የሚደውለው ለዋሳችሁ ነው። ዋሳችሁ ደግሞ ጎረቤታችሁ ወይም የልጃችሁ የክርስትና አባት ነው። በሌላ እዳ ብትዘገዩ ገንዘብ ትቀጣላችሁ። እዚህ የምታጡት ሰው ነው። ስለዚህ እቁብ ቀድሞ ከደረሰኝ በኋላ በወረቀቴ ላይ ከኪራይ ቀጥሎ የማስቀምጠው እሱን ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ተቀይሯል። የእኛ እቁብ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ በጸሐፊዋ ቤት ነበር የሚጣለው። ስሞቻችን የተጻፉባቸው ቁርጥራጭ ወረቀቶች ተጠቅልለው ሲኒ ውስጥ ይገባሉ። ሲኒው በእጅ ተከድኖ ይናጣል፣ የቤቱ ትንሽ ልጅ ያወጣል። ከአባሎቻችን ግማሾቹ የካዛንቺስ ሰዎች ነበሩ። ሰፈሩ በ2017 ዓ.ም. ሲነሳ ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌላም ሌላም ተበተኑ። አሁን ብሩ በቴሌብር ይላካል፣ ዕጣው በቪዲዮ ይወጣል። ሁለት ሰው መጣል አቆመ፤ ዋሶቻቸው ከተማው ሌላ ጫፍ ናቸው። ቡናው ሲቀር መተያየቱም ቀረ፣ እቁብ ደግሞ በመተያየት ነበር የቆመው። ዛሬ እቁብ የምትገቡ ከሆነ ከመጠኑ በፊት ስለ ሰዎቹ ጠይቁ። ስንቶቹን በስም ታውቃላችሁ? ስንቶቹን በሳምንት አንዴ ታያላችሁ?

እግረ መንገዴን፦ እድር በየወሩ ከሚከፈሉት ዝርዝር ውስጥ አይወጣም። ብር ሲያጥረኝ የእድር ወርሃዊ መዋጮ ለሁለት ወር ዘልዬ አውቃለሁ፤ እግዜር አተረፈኝ። በዚያ ሁለት ወር ሐዘን ቢገባ ኖሮ ድንኳኑም ብሩም አይመጣም ነበር።

የቁጠባና ብድር ማህበር

መሥሪያ ቤታችሁ ውስጥ ወይም ወረዳችሁ ላይ የገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማህበር ካለና አባል ካልሆናችሁ፣ ነገ ተመዝገቡ። ዛሬ ተመዝግባችሁ ነገ ብድር አታገኙም። ጥቂት ወራት መቆጠብ ይጠበቅባችኋል። ከዚያ የቆጠባችሁትን ጥቂት እጥፍ ያበድራችኋል። ወለዱ ልከኛ ነው። የሚገኘው ትርፍም የእናንተ የአባላቱ ነው፤ በዓመቱ መጨረሻ ይከፋፈላል።

አከፋፈሉን ወድጄዋለሁ። ብሩ እጄ ሳይገባ ከደመወዝ ይቆረጣል። ቀኑን አልረሳም፣ ሌላ ነገር ላይም አላውለውም። ይሁን እንጂ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ከደመወዝ እንዳይቆረጥ መጠንቀቅ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በአንድ ጊዜ ከሠራተኛ ደመወዝ የሚቆረጠው ጠቅላላ ከወር ደመወዙ ሲሶ ሊበልጥ አይችልም። እኔ ይህን ለራሴም ልክ አድርጌዋለሁ። ባንክም ይቁረጥ ስልክ፣ እቁብም ይሁን ማህበር፣ የሁሉም ድምር ከደመወዜ ሲሶ ካለፈ አዲስ ብድር አልነካም።

ችግሩ ዋሳችሁ የሥራ ባልደረባችሁ መሆኑ ነው። እሷን በየቀኑ ፊት ለፊት ታዩዋታላችሁ። ሥራ ልትለቁ ካሰባችሁ ደግሞ ቀሪው እዳ በአንድ ጊዜ ሊጠየቅ ይችላል። ውሉ ላይ ያለውን ከመፈረማችሁ በፊት አንብቡት።

እኔን ከስልኩ አዙሪት ያወጣኝ ማህበሩ ነው። ተጨማሪ ብድር ወስጄ የስልኩን ዘጋሁ፣ የሱቁንም አሰረዝኩ። ሦስት እዳ አንድ ሆነ። ይህ የሚሠራው ግን የዘጉትን መልሰው ካልከፈቱ ብቻ ነው። አንዲት ባልደረባዬ እንደኔው አድርጋ በሦስተኛው ወር ስልኩን መልሳ ከፈተችው። ከዚያ ሁለቱንም ትከፍል ጀመር። ከመጀመሪያው የባሰ ላይ ወደቀች።

ስልክ ላይ ያለው ብድር

ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮ ቴሌኮም ከዳሽን ባንክ ጋር ሆኖ «መላ»፣ «እንደኪሴ» እና «ሳንዱቅ» የሚባሉትን አመጣ። መላ ብድር ነው። እንደኪሴ ክፍያ ስትፈጽሙ የጎደለችውን ይሞላል። ሳንዱቅ ቁጠባ ነው። የኦሮሚያ ኅብረት ሥራ ባንክ «ሚቹ» ደግሞ ያለ መያዣ ለትንንሽ ነጋዴዎች ያበድራል። ሌሎች ባንኮችም የየራሳቸውን አውጥተዋል። ትልቅ ነገር ነው። መያዣ የሌላት ጉልት ቸርቻሪ ባንክ በር ላይ ሳትቆም ብር የምታገኝበት መንገድ ነው።

ለደመወዝተኛ ግን ሒሳቡን እንሥራ። ለስሌት ብቻ እንዲሆን 5,000 ብር ለአንድ ወር ወስዳችሁ 400 ብር ክፍያ አለው እንበል። 400 ብር ብዙ አትመስልም። በየወሩ እየከፈላችሁ መልሳችሁ ከወሰዳችሁ ግን በዓመት 4,800 ብር ይሆናል። ዓመቱ ሲያልቅ ያቺ 5,000 ብር አሁንም አለባችሁ። የተበደራችሁትን ያህል ከፍላችሁ እዳው ቦታው ነው። እኔ ሰባት ወር የሄድኩበት መንገድ ይህ ነው።

ሌላው ነገር መጠኑ ማደጉ ነው። በጊዜ ስትከፍሉ የሚፈቀድላችሁ ብድር ከፍ ይላል። የደመወዝ ጭማሪ ያገኘሁ ያህል ደስ ብሎኝ ነበር። የጨመረው ግን ሊኖርብኝ የሚችለው እዳ ነው።

ከአራቱ ጥያቄዎች ስልክ የሚወድቀው በመጨረሻው ነው። የሚሰማችሁ ሰው የለም። ልጅ ታሞም ይሁን አከራይ በር ላይ ቆሞ፣ ብሩ ሲገባ ይቆረጣል።

መቼ ይጠቅማል? ሌሊት ልጅ ታሞ ክሊኒክ ስትሄዱና፣ በአምስት ቀን ውስጥ እርግጠኛ የሆነ ገንዘብ ሲኖራችሁ። ለኪራይ፣ ለአስቤዛና ለሌላ እዳ መክፈያ አትውሰዱት። እነዚህ በሚቀጥለው ወርም ይመጣሉ።

ባንክና ማይክሮ ፋይናንስ

ባንክ ለግለሰብ ለምን እንደሚከብድ ላስረዳ። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገደበ፤ ኋላ ላይ ገደቡን ከፍ አደረገው። የሚያበድሩት ሲወሰን ባንኮች መያዣ ያለውንና ትልቁን ደንበኛ ያስቀድማሉ። ስለዚህ በደመወዝ ብቻ ብድር ለማግኘት የሚሻለው መሥሪያ ቤታችሁ ከባንኩ ጋር ስምምነት ካለው ነው። መጀመሪያ የሰው ኃይል ክፍልን ጠይቁ።

ባንክ ስትገቡ ስለ ወለዱ አንድ ጥያቄ አትርሱ። ወለዱ የሚሰላው በቀሪው ገንዘብ ላይ ነው ወይስ በመጀመሪያው ሙሉ ብድር ላይ? 20,000 ብር ለአንድ ዓመት በ18 በመቶ ብትወስዱ ነገሩ እንዲህ ነው። በየወሩ እየቀነሰ በሚሄደው ቀሪ ላይ ከተሰላ ወርሃዊ ክፍያው 1,834 ብር ገደማ፣ ጠቅላላው 22,000 ብር ገደማ ይሆናል። በመጀመሪያው 20,000 ላይ ከተሰላ ግን 23,600 ብር ትከፍላላችሁ። ሁለቱም «18 በመቶ» ይባላሉ። ባለሙያዋን የክፍያ ሠንጠረዡን አትማ እንድትሰጣችሁ ጠይቁ። የአገልግሎት፣ የኢንሹራንስና የግምት ክፍያዎችንም ደምሩበት።

የባንክ እዳ ቤት ወይም መኪና ከተያዘበት ወረቀታችሁ ላይ ከፍ ብሎ ይጻፍ። በ1990 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 97 መሠረት ባንክ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መያዣውን ያለ ፍርድ ቤት መሸጥ ይችላል። ከዚህም ሌላ ክፍያው 90 ቀን ካለፈው ብድሩ ከተበላሹት ይመደባል። ባንኮችና ማይክሮ ፋይናንሶች የተበዳሪውን ታሪክ ለብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ ቋት ይሰጣሉ፤ ከማበደራቸው በፊትም እዚያው ያያሉ። አንዱ ጋ የተበላሸ ስም ሌላው ጋም ይጠብቃችኋል።

ሃይማኖታቸው ወለድ ለማይፈቅድላቸው ዘምዘምና ሂጅራ ባንኮች አሉ። በሌሎች ባንኮችም ከወለድ ነፃ መስኮት አለ። በሙራባሃ ባንኩ ዕቃውን ገዝቶ ትርፉን ጨምሮ ይሸጥላችኋል። ዋጋው ከመጀመሪያው የታወቀ ስለሆነ ለሒሳብ ይመቻል። ጥሬ ብር ግን አይሰጥም፤ የሚገዛ ዕቃ መኖር አለበት።

ማይክሮ ፋይናንስ የራሳቸው ሥራ ላላቸው ነው። በቡድን ዋስትናም ያበድራል። ብድሩ ሸቀጥ ወይም ማሽን ላይ ከዋለ ራሱን ይከፍላል። ለኪራይ ከዋለ የሚከፍለው የለም።

ሌላም አለ። ቁጠባ ይዞ እዳ መክፈል የሚያቅተው ሰው አውቃለሁ። የቁጠባ ወለድ ዝቅተኛው ከጥቅምት 2010 ዓ.ም. ጀምሮ 7 በመቶ ነው። 20,000 ብር በ7 በመቶ ብታስቀምጡ በዓመት 1,400 ብር ነው። በዚያው ዓመት በ18 በመቶ ተበድራችሁ ከሆነ ልዩነቱን እናንተ ናችሁ የምትሞሉት። ለክፉ ቀን የአንድ ወር አስቤዛ ያህል አስቀሩና ሌላውን እዳ ላይ አውሉት።

አድቫንስ

አጭር ነው። ከመሥሪያ ቤት የሚወሰድ አድቫንስ፣ ማለትም ከቀጣዩ ደመወዝ ላይ አስቀድሞ የሚወሰድ ብር፣ ወለድ የለውም፣ ቀጣዩን ወር ግን ያሳጥረዋል። በዓመት አንዴ፣ ለመስከረም የትምህርት ቤት ክፍያ ያህል፣ ጥሩ ነው። ሁለት ወር ተከታትሎ መጠየቅ ካስፈለጋችሁ ችግሩ አድቫንስ የሚፈታው አይደለም።

ከዘመድ መበደር

ከእህቴ ስበደር «ወረቀት እንጻፍ» ያልኩት እኔ ነኝ። ተቀየመችኝ። «እኔና አንቺ ምስክር አስቀምጠን ልንፈራረም?» አለች። «ለአንቺ ነው እትዬ፣ ነገ ብሞት ልጆችሽ ምን ይዘው ይጠይቃሉ?» አልኳት። በመጨረሻ እሺ አለች። ወረቀቱ ላይ መጠኑን፣ በወር የምከፍለውን፣ የመጨረሻውን ወር ጻፍን። ሁለት ምስክር ፈረመ። ስከፍል ከቀኑ ጎን እሷ ትፈርማለች።

ይህን ያደረግኩት ሕጉን ጠይቄ ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በሚሰጥ የእምነት ቃል ወይም መሐላ ነው። በግለሰቦች መካከል ወለድ ቢኖር እንኳን በዓመት ከ12 በመቶ ሊበልጥ አይችልም። ዋስ ለምትሆኑም አንድ ነገር ልንገራችሁ። የዋስትናው ከፍተኛ መጠን ውሉ ላይ ካልተጻፈ ዋስትናው አይጸናም። «ለሙሉ እዳው» በሚል ብቻ አትፈርሙ፣ ቁጥሩን አስጽፉ።

ዘመድ የመጀመሪያው አማራጭ መሆን ያለበት ይመስለኛል፣ በወረቀት ከሆነ። ያለ ወረቀት ግን እዳው በየበዓሉ አብሯችሁ ማዕድ ይቀርባል።

አራጣ

ይህን ከሌሎቹ ጋር ማወዳደር አልፈልግም፤ ግን ሰው ሲጨንቀው የሚሄደው እዚያ ስለሆነ ዝም ማለት አልችልም። 20,000 ብር በወር 10 በመቶ ማለት በወር 2,000 ብር ወለድ ነው። ዓመት ሙሉ ብትከፍሉ 24,000 ብር ሰጥታችሁ 20,000 ብሩ እንዳለ ነው። በወንጀል ሕጋችን አራጣ ያስቀጣል። ወረቀቱ ላይ ግን ወለድ የሚል ቃል አታገኙም። ወለዱ ከዋናው ጋር ተደምሮ «44,000 ብር ተበድሬያለሁ» ተብሎ ይጻፋል። ወይ ደግሞ ቼክ ያስፈርሟችኋል። ሒሳብ የሌለው ቼክ መስጠት በራሱ ወንጀል ነውና ከዚያ በኋላ የምትፈሩት እናንተ ናችሁ። የማውቃት አንዲት እናት የቤቷን የሽያጭ ውል ነበር የፈረመችው። ቤቷን ለማስመለስ ዓመታት ፍርድ ቤት ተመላልሳለች።

ገብታችሁ ከሆነ ከዛሬ ጀምሮ በእጅ አትክፈሉ፣ በባንክ አስተላልፉ። ማስረጃው ይቀራል። መልእክቶችን አትሰርዙ። ጠበቃ አማክሩ። ሴቶች ከሆናችሁ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማህበር ነፃ የሕግ ምክር ይሰጣል።

ቀድሞ የሚከፈለው የትኛው ነው?

ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ትንሿን ቀድሞ መጨረስ ነው። አንድ ስም ከወረቀቱ ሲሰረዝ ጉልበት ይሰጣል። ሌላው ብዙ የሚበላውን መጀመሪያ መዝጋት ነው። በሒሳብ የሚያዋጣው ሁለተኛው ነው። እኔ የቀላቀልኩት እንዲህ ነው። በየወሩ የሚያድገውን፣ ማለትም የስልኩን፣ በመጀመሪያ ዘጋሁ። ዋስ ያለበትን እቁብ አንድም ወር አላሳለፍኩም። ቀጥሎ ሱቁ፤ ቤቴ የሚበላው ከዚያ ነዋ። እህቴንና ማህበሩን ለመጨረሻ ተውኳቸው፤ ሁለቱም ቀኑ የታወቀ፣ የማያድግ እዳ ነው።

የወሩ መጨረሻ ሳይደርስ መክፈል እንደማትችሉ ካወቃችሁ፣ ቀኑ ሳያልፍ ሂዱ። ባለሱቁን ፊት ለፊት አናግሩ። የእቁቡን ዳኛ ከዋሳችሁ ቀድማችሁ ደውሉለት፣ ለዋሳችሁም ራሳችሁ ንገሩት። ማህበርና ባንክ ጋ ግን በቃል አይሆንም። የክፍያው ጊዜ እንዲራዘም ማመልከቻ ጻፉ፦ ያጋጠማችሁ ምን እንደሆነ፣ አሁን በወር ስንት መክፈል እንደምትችሉ፣ ከስንተኛው ወር ጀምሮ ወደ ሙሉው እንደምትመለሱ። ሁለት ቅጂ አድርጉት። አንዱን መዝገብ ቤት ስታስገቡ በሁለተኛው ላይ ማህተም፣ ቁጥርና ቀን አስደርጉበትና እቤት፣ ከወረቀታችሁ ጋር አስቀምጡት።